የአባቴን ፋይል መስመር ላስያዙልን እትዬ

ሰላም ጅማዎች። ይሄን የምጽፈው አንዲት ሴት ለማመስገን ነው። እንደኛ ወረቀት ይዞ የሚንከራተት ሰው ካለም ወደሳቸው ልጠቁም። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። ፍርድ ቤት አካባቢ አነስ ያለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለቻቸው። ከዚያ በፊት ለዓመታት መዝገብ ቤት ሠርተዋል።

አባዬ የቡና መፈልፈያ ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው። አንድ ሰኞ ጠዋት የማሽኑ ቺንጋ ቀኝ እጁን ያዘው። ሦስት ጣቶቹ ተጎዱ፤ ሁለቱ ዛሬም አይታጠፉም። ከሥራ ወጣ። በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበት ስለነበር የጉዳት ጡረታ አበል ጠየቅን። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። «ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ አልተረጋገጠም» ይላል። አባዬ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ማውራት ተወ። እውነቴን ነው፣ ዝምታው ከእጁ በላይ አስጨነቀን።

እትዬ ጋ የሄድኩት ኮፒ ላስነሳ ነበር። ወረቀቶቹን ማሽኑ ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ አንዱን ለይተው አነበቡት። ከዚያ ሌላውን። «ልጄ፣ አባትሽ የታከመው አደጋው ሳይደርስበት ነው እንዴ?» አሉኝ። አልገባኝም። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጉልኝ።

የሕክምና ወረቀቱ 23/01/2023 ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወደኛ ሲመለስ ጥር 15 ቀን 2015 ይሆናል። የአሠሪው ደብዳቤ ግን አደጋው የደረሰው «ጥር 23 ቀን 2015» ነው ይላል። ደብዳቤውን ያዘጋጀው ሰው 23ን ከሕክምና ወረቀቱ ላይ እንዳለ ወስዶ ጥር ብሎበታል። በዚህ ስሌት አባዬ እጁ ከመጎዳቱ ከስምንት ቀን በፊት ታክሟል ማለት ነው! እኛ ያንን ደብዳቤ ስንት ጊዜ አንብበነዋል። አንድም ቀን አላየነውም።

በማግስቱ አባዬን ይዤው ሄድኩ። እትዬ ቡና አፍልተው ነበር። አባዬ ሲኒውን በግራ እጁ ተቀበለ። ቀኙ ጋቢው ውስጥ ነው፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚደብቀው። «በቀኝህ ያዘው እስቲ ወንድሜ» አሉት። ሞከረ። ሲኒው ከአውራ ጣቱ ላይ ተንሸራተተና ቡናው ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። አባዬ አፈረ። እሳቸው ጠረጉለትና «አብሽር። ይሄ ነው እኮ ያልተጻፈው» አሉት።

እውነትም ያመጣነው የሐኪም ወረቀት «ከባድ ሥራ እንዳይሠራ» ብቻ ነበር የሚለው። እትዬ እንዳስረዱን የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት ሦስት ነገር መያዝ አለበት። ጉዳቱ ቋሚ መሆኑን፣ የመሥራት ችሎታውን ስንት በመቶ እንደቀነሰ፣ ከአደጋው ጋር የተያያዘ መሆኑን። መቶኛው ከሌለ ጉዳዩን የሚያየው ሰው የሚይዘው ነገር የለውም፤ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ የጉዳት አበል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ቦርዱ የጉዳቱን መጠን በተቻለ መጠን በ12 ወር ውስጥ እንዲወስን እንደሚልም የሰማሁት ከሳቸው ነው። እኛ ቦርድ የሚባል ነገር መኖሩንም አናውቅም ነበር።

ቦርድ ከመቅረቡ በፊት ደብተር አስገዙን። ለአሥር ቀን በእጁ ሊሠራ ሞክሮ ያቃተውን ሁሉ በየቀኑ እንድጽፍ አዘዙኝ። «ያመዋል ብለሽ አትጻፊ፤ ምን እንዳቃተው ጻፊ» አሉኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ሰኞ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እኔ ቆለፍኩለት። ማክሰኞ፣ ጀበናውን ሊያነሳ ሲል ለቀቀው። ረቡዕ፣ ለመፈረም ብዕር መያዝ አልቻለም። አባዬ መጀመሪያ ተናዶ ነበር። በኋላ ግን እሱ ራሱ «ይሄንንም ጻፊው» ይለኝ ጀመር። ቦርድ ሲቀርብ እንደ ልማዱ «ደህና ነኝ» አላለም። ደብተሩን አውጥቶ ሰጠ።

የቀረው ሩጫ ነበር። አሠሪው ቀኑን አስተካክሎ በማኅተም አዲስ ደብዳቤ ሰጠን፤ ለዚህ አራት ጊዜ ተመላልሰናል። የዚያን ሰኞ የሠራተኞች የፊርማ ወረቀት ተገኘ። አብረውት የነበሩ ሁለት ሠራተኞች ያዩትን ጽፈው ፈረሙ። የጡረታ መዋጮ የሚያሳየው የደመወዝ ወረቀትም ተያያዘ። የቀበሌው ደብዳቤ በኦሮምኛ ነው፣ ይግባኙ የሚታየው ደግሞ በአማርኛ። እትዬ ሁለቱንም ቋንቋ አሳምረው ያውቃሉ። ግን «የኔ ትርጉም ማኅተም የለውም» ብለው ፈቃድ ወዳለው ተርጓሚ ላኩን። እንደዚህ ዓይነት ሰው ናቸው። የማይችሉትን እችላለሁ አይሉም።

ማመልከቻውን ሲጽፉ ደግሞ ልመና የሚመስል ቃል አላስገቡም። አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገብ «አባሪ 1»፣ «አባሪ 2» እያለ ወረቀቱን ይጠቁማል። የቀኑ ስህተት ከነምክንያቱ መጀመሪያ ላይ ተጽፏል። ፋይሉ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ደረሰ። ውሳኔው ባለፈው ሳምንት መጣ። ለአባዬ ተፈርዶለታል። አበሉም እንዲከፈለው ተወስኗል።

እትዬ ያስከፈሉን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጽሕፈት ዋጋ ነው፣ በገጽ። ለጠየቁን ጥያቄ ሁሉ፣ ለዚያ ሁሉ ቀን፣ ምንም አልጨመሩም። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አባዬ ውሳኔውን ራሱ ሊያሳያቸው ሄዶ ነበር። ቀኝ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ጨበጣቸው።

የጉዳት አበል ተከልክላችሁ ይግባኝ ልትሉ ያሰባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቤታቸውን አሳያችኋለሁ። የይግባኝ ጊዜው ሳያልፍባችሁ ቶሎ ሂዱ። ዓርብ ለጁምዓ ስለሚዘጉ ጠዋት ድረሱ። ኦሪጅናሉንም ያዙ፤ ኮፒ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል።