ጭሱ በሌሊት፣ ተቆጣጣሪው በቀን

ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ የልብስ እጥበት ቤት አለኝ። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሆቴል አንሶላ አጥባለሁ። የማሰጣው ግቢዬ ውስጥ ገመድ ላይ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ጠዋት ጠዋት ነጩ ልብስ ላይ ጥላሸት አገኝ ጀመር። ሲያሹት ይብስበታል። ለጥር ሠርግ የመጣ የሀበሻ ቀሚስ ደጋግሜ ሳጥበው ጥለቱ ቀለም ለቀቀ። ዋጋውን ከኪሴ ከፈልኩ።

ጭሱ ከጀርባችን ካለ ፋብሪካ ነው። አቤቱታዬን ይዤ ወደሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄድኩ።

አቀባበሉ ጥሩ ነው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «እትዬ ይቀመጡ» ብላ ማመልከቻዬን አነበበች፣ ቁጥር ሰጠችኝ። ክፍያ የለውም። ባለሙያው ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሦስቱንም «መስክ ወጥቷል» ተባልኩ። የባጃጁ ይቅር፣ ቤቴን ዘግቼ ነው የምሄደው።

በ12ኛው ቀን መጡ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ያውም ለፋብሪካው ቀድመው ደብዳቤ ልከው። ጭስ ማውጫው ጭል አላለም። ጭሱ የሚለቀቀው እኮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ነው! በዚያ ሰዓት አየሩ ቀዝቅዞ ይረጋል፤ ጭሱ ወደ ላይ መውጣት ትቶ ጣሪያችን ላይ ይተኛል። ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ የጣና ነፋስም ሲነሳ ይበተናል። በ4 ሰዓት የመጣ ሰው ምን ያያል?

በጣም ያዘንኩት እዚህ ላይ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተቆጣጣሪው ቀድሞ ሳያሳውቅ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ፣ አመቺ በመሰለው ሰዓት ሁሉ እንዲገባ ይፈቅድለታል። አንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው፣ እኔ ተጎዳሁ ማለት ሳያስፈልገው፣ አቤት ማለት ይችላል ይላል። ቢሮው በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ቅር ካሰኛችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ይህንኑ አትሜ ለባለሙያው ሰጠሁት።

በ26ኛው ቀን ብቻውን፣ በሞተር ሳይክል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መጣ። ጋቢ ደርቦ ግቢዬ ቆሞ ጭሱን ፎቶ አነሳ። ቦይለሩ (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ማሞቂያ) በቂ አየር ካላገኘ ነዳጁ በደንብ ስለማይቃጠል ጭሱ እንደሚጠቁር፣ ይህም የሚስተካከል መሆኑን አስረዳኝ። እግዜር ይስጠው። ፋብሪካው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የጊዜ ገደብ ተሰጠው። ግልባጩን ስጠይቅ ግን «የውስጥ ደብዳቤ ነው» አሉኝ። ልክ አይደለም። አቤት ያልኩት እኔ ነኝ።

ከ5 ኮከብ 3 እሰጣለሁ፤ ሁለቱ ለዚያ ሌሊት ናቸው። የምትሄዱ ካላችሁ፣ ጭሱ የሚወጣበትን ሰዓት ማመልከቻው ላይ ጻፉ፤ ያስገባችሁበትን ቀንም ያዙ።

ጭሱ ቀንሷል። የጥምቀትን ነጠላ ግን ቤት ውስጥ ነው ያሰጣሁት።