ኦፕን ቢቪኢ፦ የባቡሩን ድምፅ ከሥሩ ለመሥራት

በብዙ የባቡር መንዳት ጌሞች ድምፁ የሚመጣው በታሸገ ፋይል ውስጥ ነው። ጥሩምባዋን ብቻ መቀየር የፈለገ ሰው እንኳ መጀመሪያ ማሸጊያውን የሚፈታ ፕሮግራም ሲያፈላልግ ይውላል። ኦፕን ቢቪኢ ላይ ይህ ጣጣ የለም። የባቡሩን ፎልደር ስትከፍቱ ድምፆቹ ተራ የዋቭ ፋይሎች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ አጠገባቸው ሳውንድ ዶት ሲኤፍጂ የሚባል በኖትፓድ የሚከፈት ጽሑፍ አለ፤ የትኛው ድምፅ መቼ እንደሚሰማ የሚወስነው እሱ ነው። ጌሙ በነፃ ይወርዳል፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል፣ ደከም ያለ ላፕቶፕም ይሸከመዋል። ሥዕሉ ያረጀ ስለሆነ ለዓይን ብሎ የሚመጣ ሰው ቅር ይለዋል። ለጆሮ ብሎ የሚመጣውን የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ ስትሳሳቱ ብዙ ጊዜ የሚገጥማችሁ ዝምታ ነው።

የብዙው ዝምታ ምክንያት የፋይል ስም ነው። ቢቪኢ መነሻው ጃፓን ነው፤ ስሙ ራሱ የተወሰደው ቦሶ ቪው ኤክስፕረስ ከተባለው የጃፓን ፈጣን ባቡር ነው። ኦፕን ቢቪኢ ደግሞ ለዚያ ጌም የተሠሩትን ባቡሮችና መስመሮች የሚያነብ ክፍት ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ከምታወርዷቸው ባቡሮች ብዙዎቹ ጃፓናዊ ናቸው፣ የአንዳንዶቹም ፋይሎች በጃፓን ፊደል የተሰየሙ ናቸው። ዚፑ ሲፈታ ስሞቹ ወደማይነበብ ምልክት ከተለወጡ ሳውንድ ዶት ሲኤፍጂ የሚጠራውን ፋይል አያገኘውም፤ ባቡሩ ይጫናል፣ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ግን ትንፍሽ አይልም። መጀመሪያ ጌሙ ሲከፈት ባቡሩን በምትመርጡበት ገጽ ላይ ያለውን የኢንኮዲንግ (ጽሑፉ የሚነበብበት የፊደል ስልት) ምርጫ ሞክሩ። ካልሆነ ፋይሎቹን በላቲን ትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ዳግም ሰይሟቸው፤ በጽሑፉ ውስጥም ያንኑ ስም ጻፉ። በግዕዝ ፊደል መሰየም ያምራል፣ ግን ያንኑ ችግር መልሶ መጥራት ነው።

የሳውንድ ዶት ሲኤፍጂ ጽሑፍ ራሱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው መስመር የፎርማቱን ስሪት፣ ማለትም ቨርዥን 1.0፣ ይናገራል። ከዚያ በማዕዘን ቅንፍ [ ] የታጠሩ የክፍል ስሞች ይከተላሉ፦ ራን ለመንኮራኩር ድምፅ፣ ፍላንጅ ለኩርባ ላይ ጩኸት፣ ሞተር፣ ኮምፕረሰር፣ ሆርን ለጥሩምባ፣ ዶር፣ ብሬክ እያለ ይቀጥላል። በየክፍሉ ሥር ቁጥር ወይም ቃል፣ የእኩል ምልክት፣ የፋይል ስም። ሴሚኮለን ካስቀደማችሁ ያ መስመር አይነበብም፤ የድሮውን መስመር ከመሰረዝ ይልቅ እንዲህ ማስተኛት ይሻላል።

ለጀማሪ የሚመከረው ጥሩምባ ነው። በአንድ ፋይል መስጠት ይቻላል፣ ያኔ ግን ቁልፉን በያዛችሁት ልክ አይረዝምም። በሦስት ቢከፈል ይሻላል፦ መነሻ፣ የሚዞር መሐል፣ መጨረሻ። ቅጂውን ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ክፈቱና መነሻውን ድምፁ እስኪረጋ ድረስ ቁረጡ፤ መሐሉን ከ1 እስከ 2 ሰከንድ አድርጉ፤ መጨረሻውን ከነማስተጋቢያው ተዉት። መጋጠሚያው ላይ «ጠቅ» የሚል ነገር ከሰማችሁ የቆረጣችሁት ሞገዱ ዜሮ መስመር ላይ ባልነበረበት ቦታ ነው፤ ክፍሉን መርጣችሁ ዜድን ስትጫኑ ኦዳሲቲ ራሱ ወደ ቅርቡ ዜሮ ያስጠጋዋል። «ጠቅ»ታው ጠፍቶ «ዋ-ዋ-ዋ» የሚል መርገብገብ ከቀረ ችግሩ የመሐሉ መጀመሪያና መጨረሻ የድምፅ ጉልበት አለመተካከል ነው። የመጨረሻውን 0.2 ሰከንድ ቆርጣችሁ እየደከመ እንዲሄድ አድርጉትና እየጎላ ከሚመጣው መጀመሪያ ጋር ደርቡት። ስትልኩት 16 ቢት ፒሲኤም፣ 44100 ኸርዝ፣ ሞኖ ይሁን። ስቴሪዮ ብትሰጡት ጌሙ ሁለቱን ጎን ቀላቅሎ ሞኖ ያደርገዋል፣ ትርፍ የለውም። እንዲያውም የግራና የቀኙ ሞገድ ተቃራኒ ከሆነ ሲቀላቀሉ ተጣፍተው ወፍራሙ ድምፅ ሊሟሽሽ ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁ ሞኖ አድርጋችሁ፣ ሰምታችሁ ላኩት።

የመንኮራኩሩ ድምፅ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቁጥር ባለማወቁ ነው፦ 90። ጌሙ የራን ፋይሉን በተፈጥሮ ፍጥነቱ የሚያጫውተው ባቡሩ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ብቻ ነው። በ45 ላይ ፒቹ (የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት) በግማሽ ይወርዳል፣ በ120 ላይ በሲሶ ይጨምራል። ስለዚህ በ45 የተቀዳ ድምፅ እንዳለ ብታስገቡት ባቡሩ 45 ሲሄድ እንደ እንቅልፋም በሬ ያንኮራፋል። ኦዳሲቲ ላይ ፍጥነትንና ፒችን አብሮ በሚቀይረው ኢፌክት 2 እጥፍ አድርጉት፤ በ60 ለተቀዳ 1.5 እጥፍ ነው። ፒችን ብቻ የሚቀይረውን ኢፌክት አትጠቀሙ፤ የሐዲድ መጋጠሚያው ምት ካለበት ምቱ በቦታው ይቀርና ልኩን ይስታል። ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ጌሙ ራሱ ድምፁን እያደከመ ስለሚወስደው ለመቆሚያ የተለየ ፋይል አያስፈልግም።

ሌላው ወጥመድ የራን ቁጥር ነው። ለየትኛው ሐዲድ የትኛው የራን ድምፅ እንደሚሰማ የሚያዘው የምትነዱበት የባቡር መስመር ነው። በድልድይ ላይ መስመሩ ቁጥር 4ን ከጠራና የእናንተ ባቡር ያለው ከ0 እስከ 2 ከሆነ፣ ድልድዩ ላይ ስትደርሱ መንኮራኩሩ ድንገት ዝም ይላል። ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ አትድከሙ። ያልሞላችሁትን ቁጥር ሁሉ ወደ 0 ፋይል አሳዩት፤ ቢያንስ ዝምታው ይጠፋል።

አሁን ወደ ሞተሩ። የዚህ ጌም ክብሩም መከራውም እዚህ ነው። የሞተሩ ፋይሎች በሳውንድ ዶት ሲኤፍጂ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ አጠቃቀማቸው ግን ያለው የባቡሩን ጠባይ በሚይዘው ትሬን ዶት ዳት በሚባል ፋይል ውስጥ ባሉ አራት ሠንጠረዦች ነው፦ ፒ1 እና ፒ2 ለመጎተት፣ ቢ1 እና ቢ2 ለኤሌክትሪክ ፍሬን። እያንዳንዱ ረድፍ በሰዓት 0.2 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወክላል፤ ስለዚህ እስከ 100 ለሚሮጥ ባቡር 500 ረድፍ ነው። በየረድፉ ሦስት ቁጥር አለ፦ የፋይሉ ቁጥር፣ ፒች፣ ጉልበት። ፒች 100 ማለት እንደተቀዳው ነው፣ ጉልበት 128 ማለት ሙሉ ነው፣ የፋይል ቁጥር -1 ማለት ዝም በል ነው።

በዲሲ ሞተር ለሚሄድ የቆየ ባቡር ስሌቱ ቀላል ነው፤ የማርሹ ጥርስ ፉጨት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይወጣል። ባቡሩ የሚሄድበትን ፍጥነት ቅጂው በተወሰደበት ፍጥነት አካፍላችሁ በ100 ማባዛት ነው። ግን አንድ ቅጂ ከዜሮ እስከ 100 አይዘልቅም። ፒቹ ከ50 ሲወርድ ድምፁ ጭቃ ይሆናል፣ ከ200 ሲያልፍ እንደ ትንኝ ይሆናል። በ20፣ በ45 እና በ80 ላይ የተወሰዱ ሦስት ቅጂዎች ይበቃሉ፤ ቁም ነገሩ መሸጋገሪያው ነው። የ20ውን በፒ1፣ የ45ቱን በፒ2 አስቀምጡና ከ28 እስከ 34 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከረድፍ 140 እስከ 170፣ አንዱ እየደከመ ሌላው እየጎላ ይሂድ። ረድፍ 140 ላይ የሁለተኛው ፒች 62 ነው፤ ረድፍ 170 ላይ የመጀመሪያው 170 ደርሷል። መሐል ላይ የሁለቱንም ጉልበት 64 ማድረግ ትክክል ይመስላል፣ ግን ጆሮ ላይ ጉድጓድ ይፈጥራል፤ ሁለቱም 90 አካባቢ ሲሆኑ ነው ድምፁ ሳይጎድል የሚያልፈው።

ኢንቨርተር (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር መሣሪያ) ያለው ባቡር ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። የኢንቨርተሩ ድምፅ ሲነሳ በአንድ ፒች ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል፣ በድንገት ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ታዋቂው ምሳሌ የጃፓኑ ኬይኪዩ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያስጀመረው 2100 ባቡር ነው፤ በሲመንስ ኢንቨርተር ምክንያት ሲነሳ የሙዚቃ ኖታ በቅደም ተከተል ያዜም ነበር። መሣሪያው እየተቀየረ ሄዶ በኩባንያው ዘንድ የመጨረሻው ዜመኛ ባቡር በ2021 ዝም ብሏል፤ የኦስትሪያው ታውረስ ሎኮሞቲቭም በዚሁ ጠባዩ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን በሠንጠረዥ ለመሥራት ጥቂት ረድፎችን በአንድ ፒች ያዙ፣ ከዚያ ያለ መሸጋገሪያ ወደ ቀጣዩ ዝለሉ፦ ሙሉ ድምፅ ከፍ ለማለት ከ100 ወደ 112፣ ግማሽ ድምፅ ከሆነ ወደ 106። እዚህ ላይ ማለስለስ ዜማውን ያበላሸዋል።

500 ረድፍ በእጅ መጻፍ ቅጣት ነው፤ አብሮ የሚመጣው ትሬን ኤዲተር ሠንጠረዡን በመስመር ሥዕል እንድትስሉት ይፈቅዳል። ትሬን ኤዲተር 2 ደግሞ የመረጣችሁትን የፍጥነት መጨመሪያ ይዞ የሞተሩን ድምፅ ያጫውትላችኋል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ምክንያቱም ጌሙ ውስጥ ገብቶ አንድ ቁጥር ለመፈተሽ መስመሩን እንደገና መጫን አለባችሁ። ከማስቀመጣችሁ በፊት ግን የትሬን ዶት ዳትን ቅጂ ያዙ።

አሁን ወደ ቅሬታው። የመጎተቻውን እጀታ ዜሮ ላይ ስታደርጉት፣ ፍሬንም ሳትይዙ ባቡሩ በራሱ ሲንሸራተት፣ የሞተሩ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይቆማል፤ ለመንሸራተት የሚሆን ሠንጠረዥ የለም። የእውነተኛ ባቡር ጥርስ ግን ኃይል ሲቋረጥ ማፏጨቱን አይተውም። ማምለጫው ፉጨቱን ከራን ፋይል ጋር መቀላቀል ነው፤ ሁለቱም ከፍጥነት ጋር እኩል ስለሚወጡ ሒሳቡ አይጋጭም። ዋጋው ደግሞ ሞተር የሌላቸው ፉርጎዎችም ማፏጨታቸው ነው። ከሹፌሩ ቦታ ብዙም አይታወቅም፤ ኤፍ2ን ተጭኖ ከውጭ የሚያይ ሰው ግን ይሰማዋል።

ሞተሩ ከሩቅ የሚመጣ ያህል ደክሞ ከተሰማ የድምፁን ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት ትሬን ዶት ዳት ውስጥ የፉርጎዎቹን ክፍል እዩ። የፊተኛው ፉርጎ ሞተር አለው ወይስ የለውም የሚል ቁጥር አለ፤ 0 ከሆነ ሞተሩ ያለው ከኋላችሁ ነው፣ ጌሙም ርቀቱን ይቆጥራል። ያኔ ስህተት የለበትም፤ እውነተኛውም ባቡር እንዲሁ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ረጅም ባቡር ላይ ጥሩምባው ወይም የበሩ ድምፅ አልፎ አልፎ ይዋጣል። የየፉርጎው ራንና ሞተር በአንድ ላይ የተፈቀደውን የድምፅ ብዛት ስለሚሞሉት ነው፤ ቅንብሩ ውስጥ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ።

ቅጂ በስልክ ለሚወስድ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ የስልክ መቅጃዎች ዝቅ ያለውን ድምፅ ራሳቸው እያጎሉ ጎላ ያለውን ይጫኑታል። ባቡሩ ሲነሳም በሙሉ ፍጥነቱ ሲሮጥም ጉልበቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፤ በሠንጠረዥ የማይድን በሽታ ነው። ይህን ማጥፋት የሚያስችል የመቅጃ አፕ ፈልጉ፤ ባቡሩ በረጋ ፍጥነት በሚሄድበት ቦታ ቢያንስ 10 ሰከንድ ቅዱ፤ ፍጥነቱን በጂፒኤስ አንብባችሁ በፋይሉ ስም ላይ ጻፉት። ስንት ላይ እንደተቀዳ የማይታወቅ ድምፅ ለሠንጠረዡ አይረባም።

ከሌላው የባቡር መንዳት ጌም ከኦፕን ሬይልስ ጋር ማወዳደር የሚፈልግ ይኖራል። እሱም ነፃ ነው፣ ድምፁም ኤስኤምኤስ በሚባል ጽሑፍ ይታዘዛል፤ ፒቹና ጉልበቱ በጥቂት የኩርባ ነጥቦች ስለሚሰጡ 500 ረድፍ የለም፣ ለናፍጣና ለእንፋሎት ሎኮሞቲቭም እሱ ይሻላል። ነገር ግን ጽሑፉ በቅንፍ ውስጥ ቅንፍ ነው፤ አንዷ ካልተዘጋች ከሥሯ ያለው ሁሉ ይፈርሳል። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ካወጣው የባቡር ጌም የተወረሰ አንድ አስቂኝ ነገር አለበት፦ የድምፅ ቡድኑን የሚከፍተው ስኬለቢሊቲ የሚለው ቃል አንድ ፊደል ጎድሎት ነው የተመዘገበው፤ አራሚ ሆናችሁ ካስተካከላችሁት ጌሙ አያውቀውም። ለከተማ ኤሌክትሪክ ባቡር ግን ምርጫው ኦፕን ቢቪኢ ነው።

የሠራችሁትን ለሌላ ሰው ልትሰጡ ካሰባችሁ ከባቡሩ ጋር የመጣውን የማብራሪያ ጽሑፍ አንብቡ። ብዙ የጃፓን ሠሪዎች ድምፃቸው እንደገና እንዲሰራጭ አይፈቅዱም። እንዲህ ሲሆን የራሳችሁን ፋይሎችና የተቀየረውን ሳውንድ ዶት ሲኤፍጂ ብቻ ስጡ፤ ተቀባዩ ባቡሩን ከባለቤቱ ገጽ አውርዶ በላዩ ይገለብጠዋል።