የባንክ የይለፍ ቃላችሁን ለክፍያ አገልግሎት አትስጡ

በበይነመረብ ለመገበያየት ወይም ገንዘብ ለመላክ በክፍያ አገልግሎት የምትመዘገቡ ሁሉ፣ «የባንክ ሒሳብዎን አሁኑኑ ያገናኙ» የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። እኔ ነክቼው በኋላ ነው የተጸጸትሁት።

አገልግሎቱ ሒሳቡ የእኔ መሆኑን የሚያረጋግጥባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩት። አንደኛው ሁለት ጊዜ ጥቂት ሳንቲም ወደ ሒሳቤ አስገብቶ መጠኑን እንድነግረው የሚጠይቅ ሲሆን ቀናት ይፈጃል፤ ሌላው ወዲያው ያልቃል። ቸኩዬ ሁለተኛውን መረጥሁ። የተከፈተው ገጽ የባንኬን አርማና ቀለም የያዘ በመሆኑ ባንኬ ዘንድ የገባሁ መስሎኝ የተጠቃሚ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጻፍሁ፤ በስልኬ የመጣልኝን የማረጋገጫ ቁጥርም ጨመርሁ። ቆይቼ ከገጹ አናት ያለውን አድራሻ ልብ ብዬ ሳየው የባንኬ ስም የለበትም።

የካርድ ቁጥር መስጠትና የይለፍ ቃል መስጠት ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ካርድ ይሰረዛል፣ ይተካል፤ በካርዱ ጀርባ ያለውን ባለሦስት አሃዝ ቁጥርም ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ማስቀመጥ በካርድ ኢንዱስትሪው የደኅንነት ደንብ የተከለከለ ነው። በይለፍ ቃል የገባ ግን ደመወዜን፣ የቤት ኪራዬን፣ መድኃኒት የገዛሁበትን ቀን፣ ለእምነት ተቋም የሰጠሁትን መዋጮ፣ ያለብኝን ብድር ሁሉ ያያል። ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ገንዘብ የላኩልኝ ዘመዶቼ ስም እዚያው መኖሩ ነው፤ እነርሱ ለማንም ፈቃድ አልሰጡም። በዚያ ላይ ብዙ ባንኮች የይለፍ ቃልን ለሌላ አሳልፎ መስጠትን በውላቸው ስለሚከለክሉ፣ ገንዘብ ቢጎድል «ራስዎ ሰጥተዋል» የሚል ክርክር ሊገጥማችሁ ይችላል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የባንክ ሒሳቦችን ከመተግበሪያዎች ጋር የሚያገናኘው የአሜሪካው ፕሌይድ፣ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ ሰብስቧል፣ የመግቢያ ገጾቹንም የባንኮች አስመስሏል ተብሎ በተጠቃሚዎች ተከስሶ ነበር፤ ኩባንያው ጥፋቱን ባያምንም 58 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አጽድቆታል። በጀርመንም የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017፣ ደንበኛው የባንክ ምስጢር ቁጥሩን ለሦስተኛ ወገን እንዲሰጥ የሚያስገድድ መክፈያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚገኝ ብቸኛው አማራጭ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም ሲል ወስኗል።

ስለዚህ ሳንቲም ተልኮ የሚረጋገጥበት መንገድ ካለ ታገሡና እርሱን ምረጡ። ማገናኘት ግድ ከሆነባችሁም የይለፍ ቃሉን የምትጽፉት በባንካችሁ በራሱ አድራሻ ላይ ብቻ ይሁን፤ በትክክል የተሠራ ከሆነ አገልግሎቱ የሚደርሰው የይለፍ ቃሉ ሳይሆን ልትሰርዙት የምትችሉት ፈቃድ ነው፤ የትኛው ሒሳብና እስከ መቼ እንደሚታይም አጣሩ።

ቀድሞውኑ ሰጥታችሁ ከሆነ መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ብቻውን ምንም አይፈይድም። የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ለውጡ፤ በባንካችሁ ገጽ ላይ የተሰጡ ፈቃዶች ካሉ ሰርዙ፤ የተሰበሰበው መረጃ እንዲደመሰስም አገልግሎቱን በጽሑፍ ጠይቁ። እኔም ይህን ሁሉ አድርጌአለሁ። የደረሰኝ መልስ ግንኙነቱ መቋረጡን፣ እስከዚያ የተወሰደው መረጃ ግን «በውሉ መሠረት» እንደሚቆይ የሚገልጽ ነው፤ እስከ መቼ ብዬ ደግሜ ጽፌ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።