ከፍሪሲዮን ወደ አውቶማቲክ፦ ቪትዝን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ስምንት ወር ነድቻት

ለ11 ዓመት ማኑዋል ኮሮላ ስነዳ ቆይቼ፣ ባለ 1 ሊትር ሞተር ያገለገለች አውቶማቲክ ቶዮታ ቪትዝ ገዝቼ ከደሴ ኮምቦልቻ ለሥራ ስመላለስባት ስምንት ወር ሞላኝ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነስቶ በጠመዝማዛ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ የሚወርድ በመሆኑ ካምቢዮም ፍሬንም በየቀኑ ይፈተኑበታል። ስለ ወንበሯና ስለ ሬዲዮዋ ብዙ የምለው የለኝም።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ግራ እግሬ ነው፤ አውቶማቲክ መኪና የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። ፍሪሲዮን በአንድ ጊዜ እስከ ወለሉ ድረስ ይረገጣል፤ ፍሬን ግን እየተመጠነ የሚረገጥ ነው። በገዛኋት ሳምንት ፒያሳ ላይ ፊት ለፊቴ የነበረ ባጃጅ ድንገት ሲቆም፣ ማርሽ ለመቀነስ የለመደው ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ያገኘ መስሎት ሰፊውን የፍሬን ፔዳል ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። መኪናዋ ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ ባለቤቴ በሁለት እጇ ዳሽቦርዱን ይዛ «ምነው፣ ሰው ገጨህ እንዴ?» አለችኝ፤ ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስም አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግራ እግሬን በበሩ በኩል አሳርፌ ቀኙን ብቻ አሠራለሁ፤ ተረከዙ ከፍሬኑ ፊት ለፊት መሬት ይዞ፣ ጣቶቹ ወደ ነዳጅ መስጫው እየዞሩ ይመለሳሉ። ልማዱ እስኪለቀኝ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ሽቅቡ ላይ ረክቻለሁ። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል፤ በዚህም የተነሳ ካምቢዮው በአራተኛና በሦስተኛ መካከል እየዋለለ ያስቸግራል። በማርሹ ዘንግ ላይ ያለውን የኦቨርድራይቭ (አራተኛ ማርሽ የሚፈቅደውን) ቁልፍ ሳጠፋው ግን ሦስተኛ ላይ ረግቶ ይወጣል። ሲኖትራኮች ተሰልፈው በሚቆሙበት ዳገት ላይ እንደ ድሮው ፍሪሲዮን ግማሽ ይዤ ሽታው እስኪወጣ መታገል ቀርቶልኛል። ይሁን እንጂ ዳገት ላይ ቆሞ ነዳጅ በመስጠት መኪናን መያዝ የካምቢዮውን ዘይት ስለሚያግል፣ እዚያም ቢሆን የምይዛት በፍሬን ነው።

ቁልቁለቱ ግን ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ወር፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ዘንጉን ዲ ላይ (ማርሹ ራሱ በሚቀያየርበት የመንጃ ቦታ) ትቼ በፍሬን ብቻ ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ፣ ከፊት ጎማዎች የተቃጠለ ሽታ ይወጣ ነበር፤ እጄን ወደ ቸርኬው ባስጠጋ ገና ሳልነካው ግለቱ መለሰኝ። መካኒኩ የፍሬን ሸራውን አውጥቶ በጣቱ ሲያሻሸው ፊቱ እንደ መስተዋት አብረቅርቆ ነበር። «ጋሼ፣ ኮሮላዋን ቁልቁለት በስንተኛ ነበር የሚያወርዷት? ይቺንም በዚያው ያውርዷት» አለኝ። እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ዲ ከፍ ወዳለ ማርሽ ስለሚሄድ ሞተሩ መኪናዋን አይዛትም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነቴን 40 ገደማ አድርሼ ዘንጉን 2 ላይ (ከሁለተኛ ማርሽ በላይ እንዳይሄድ) አደርጋለሁ፤ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይይዛታል፣ ፍሬን የምነካውም ከመታጠፊያው በፊት ለአፍታ ብቻ ነው። ማኑዋል ከነዳ ሰው እጅ ሊጠፋ የማይገባው ልማድ ይህ ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ (ማርሽ አውጥተው) የሚወርዱ ወንድሞቼን በዚህ አጋጣሚ እለምናለሁ። ኢንጀክሽን (ነዳጁ በኤሌክትሮኒክስ እየተመጠነ የሚረጭበት) ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ሲነሳለት ነዳጁን ያቋርጣል፤ ፎሌ ላይ ግን ላለመጥፋት ነዳጅ መጠጣቱ አይቀርም፣ መኪናዋም በፍሬን ብቻ ትቀራለች።

ደሴ ዳገታማ ስለሆነች ሳቆም መጀመሪያ የእጅ ፍሬን እስባለሁ፣ ቀጥዬ ፒ (የማቆሚያውን ቦታ) አስገባለሁ። ቅደም ተከተሉን ባዛባሁባቸው ቀናት ክብደቷ ሁሉ ፒን በሚቆልፈው ትንሽ ጥርስ ላይ ስለሚያርፍ ጠዋት ዘንጉ በጉልበት ነበር የሚወጣው።

የሸጠልኝ ሰው የካምቢዮው ዘይት መቀየር እንደማያስፈልገው ነግሮኝ ነበር። በአራተኛው ወር መለኪያውን መዝዤ በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ቀይ መሆን የሚገባው ዘይት ቡና መስሎ፣ የመቃጠል ሽታም ይዞ አገኘሁት። ካስቀየርኩት በኋላ ከፒ ወደ ዲ ስታልፍ የነበራት መንገጫገጭ ቀርቷል።