የአይጥ ጆሮ፣ ሬድ አሽ ወይስ አርቴፊሻል ሣር? ለግቢ የቱ ያዋጣል?

ሱሉልታም ሆነ ገላን፣ ለገጣፎም ሆነ ኮዬ ፈጬ ቤት ሠርቶ አጥሩን የጨረሰ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ ግቢው ላይ ምን ይሁን? ሣር አትትከሉ። የሚያከስረው የችግኙ ዋጋ ሳይሆን ውሃው ነው። በበጋ አንድ ካሬ ሣር በቀን 4 ሊትር ያህል ይጠጣል። 40 ካሬ ላይ 160 ሊትር መሆኑ ነው፤ ባለ1,000 ሊትር ሮቶ፣ ልብስ ሳይታጠብበት እንኳ፣ ስድስት ቀን ቢያስኬድ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የጎደለው በቦቴ ይገዛል።

አርቴፊሻል ሣር ሻጭ የሚነግራችሁ የካሬ ዋጋ የሣሩን ብቻ ነው። ሙጫው፣ የመጋጠሚያው ጨርቅ፣ ላዩ ላይ የሚነሰነሰው አሸዋ፣ ከሥር የሚጠቀጠቀው ገረጋንቲ ሁሉም ለብቻው ይከፈላል። አነጣጠፉንም አስሉ፦ ጥቅሉ 2 ሜትር ስፋት ካለው፣ 5 በ8 ግቢ በ8 ሜትሩ በኩል ሲነጠፍ ሦስት ረድፍ ይወስዳል፤ ለ40 ካሬ የ48 ካሬ ትከፍላላችሁ። በ5 ሜትሩ በኩል ከተነጠፈ ግን አራት ረድፍ፣ ልክ 40 ካሬ ይሆናል። የገላንና የኮዬ ፈጬ ዓይነት ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ ገረጋንቲ ካልተሞላ መጋጠሚያው አብሮ ይከፈታል። ስትገዙ ጥቂት ክር በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳቡ፤ ከተነቀለ ተዉት። ጀርባውንም እጠፉት፤ ከተፈረፈረ ዓመት አይከርምም። ደህናው ራሱ ቀትር ላይ በባዶ እግር አይረገጥም።

ሬድ አሽ፣ ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ርካሽ ነው። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ከተነጠፈ ለ40 ካሬ 2 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ ሲኖ ግን ለ2 ኩብ ብሎ አይመጣላችሁምና ከጎረቤት ተካፈሉት። ከሥሩ ጂኦቴክስታይል፣ ማለትም ውሃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ጨርቅ፣ መነጠፍ አለበት። ብዙ ሠራተኛ በእሱ ፈንታ የማዳበሪያ ከረጢት ቀዶ ያነጥፋል፤ ፀሐይ ያገኘው ከረጢት ይበጣጠስና ሰርዶው በቀዳዳው ብቅ ይላል። ላስቲክ ደግሞ ውሃ ያቁራል። መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ጎማ ስለሚፈጨው እዚያ ኮብልስቶን ይሻላል። ውሻ የሚታሰርበትና የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት ጥግ ግን የሬድ አሽ ነው።

ለቀረው ግቢ የአይጥ ጆሮ ትከሉ፤ እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ የሚንሰራፋ አጭር ተክል ነው። ማጨድ የለም። ውሃ አይፈልግም የሚል ችግኝ ሻጭ ግን አትመኑ፤ ሥር ከያዘ በኋላ በበጋ በሳምንት ሁለቴ፣ በካሬ 8 ሊትር ይበቃዋል። ለ40 ካሬ በሳምንት 640 ሊትር ነው፤ ሣሩ 1,120 ይወስዳል። የሱሉልታ የኅዳር ውርጭ ቅጠሉን ያጠቁረዋል፣ ከሥሩ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ካሉ አይችልም።

40 ካሬ ሙሉ አትግዙ። ሁለት ካሬ ተኩል ይበቃል። ምንጣፉን 5 በ5 ሳንቲሜትር አድርጋችሁ በቢላ ቁረጡት፤ ከአንድ ካሬ 400 ቁራጭ ይወጣል። በየ20 ሳንቲሜትሩ ሲተከል በካሬ 25 ቁራጭ ይገባል፣ ስለዚህ 1,000 ቁራጭ ለ40 ካሬ ይሆናል። ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት፤ ነጭ፣ ባለአንጓ ሥር ካለው ሰርዶ እየገዛችሁ ነው። ቅጠሉ ኩላሊት የመሰለ፣ ጠርዙ ለስላሳ ይሁን፤ እንደ መጋዝ ከተሰነጣጠቀ ሌላ ተክል ነው።

ከቻላችሁ ያተረፋችሁትን ብር መሬቱ ላይ አውሉት። 25 ሳንቲሜትር ቆፍራችሁ የሰርዶውን ሥር በእጅ ልቀሙ፤ የቀረች አንዲት አንጓ መልሳ ትበቅላለች። ቀይ አፈር ላይ በሰኔ ትከሉ። ጥቁር አፈር ላይ የሐምሌና የነሐሴ ውሃ ስለሚያቁርበት መስከረም ይሻላል። በደህና እርጥበት በሦስት ወር ገደማ ይገጥማል። እስከዚያ ድረስ ግን አረሙ በየሳምንቱ በእጅ መነቀል አለበት። አትክልተኛው አረም ላጥፋ ብሎ ስንዴ ላይ የሚረጨውን ቱ ፎር ዲ ይዞ ከመጣ መልሱት፤ መድኃኒቱ የሚገድለው ሰፊ ቅጠል ነው፣ የአይጥ ጆሮውን አጥፍቶ ሰርዶውን ይተውላችኋል።