ዮርክሻየር ቴሪየር፦ ሦስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ውሻ ለቤተሰብ ምን ይሰጣል፣ ምንስ ይጠይቃል?

ዮርክሻየር ቴሪየር፣ በተለምዶ አጠራሩ ዮርኪ፣ በአሜሪካ እጅግ ከሚወደዱት የቤት ውሾች አንዱ ሆኖ ብዙ ዘመን አስቆጥሯል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 እና በ2008 የውሻ ዝርያዎችን በሚመዘግበው በአሜሪካ ኬነል ክለብ ምዝገባ ከላብራዶር ቀጥሎ የሁለተኛነቱን ቦታ ይዞ ነበር። እዚህ አሜሪካ በአፓርታማ የሚኖሩ የእኛ ሐበሻ ቤተሰቦችም ልጆቻቸው «ውሻ ይገዛልን» ብለው ሲወተውቱ መጀመሪያ ከሚታሰቧቸው ዝርያዎች አንዱ ይኸው ነው። ቤታችን አንዲት ዮርኪ ስላለች ይህን ግምገማ የምጽፈው ከሚወደስበት ጎን ብቻ ሳይሆን ከሚከፈልበትም ጎን ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገርና፣ ውሻው ዝናው ይገባዋል፤ ይሁንና ሰው የሚገዛበት ምክንያትና ውሎ አድሮ የሚወደድበት ምክንያት የተለያዩ ናቸው።

የሚገዛው በትንሽነቱ ነው። የዝርያው መለኪያ ክብደቱ ከ7 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3.2 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ያዛል፤ ቁመቱም እስከ ትከሻው ድረስ ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። ይህ ልክ በኪራይ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ የኪራይ ውሎች የውሻን ክብደት ይገድባሉ፣ አንዳንዶቹም እንደ ፒት ቡልና ሮትዋይለር ያሉትን በስም ለይተው ይከለክላሉ፣ ዮርኪ ግን በሁሉም ማጣሪያ ያልፋል። (በየወሩ በኪራዩ ላይ የሚጨመረው የውሻ ክፍያ ግን ብዙውን ጊዜ ለሦስት ኪሎውም ለሠላሳ ኪሎውም እኩል መሆኑን ከመፈረም በፊት ማወቅ ይበጃል።) የሚበላው ጥቂት ነው፤ የዕለት እንቅስቃሴውም በአጭር የእግር ጉዞና ሳሎን ውስጥ ኳስ በማባረር ይሟላል፤ በብዙ የአገር ውስጥ በረራዎችም ከመቀመጫ ሥር በሚገባ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ከባለቤቱ ጋር ይጓዛል። ወደ ኢትዮጵያ ይዞት ለመሄድ የሚያስብ ሰው ግን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል አገራችንን የውሻ እብደት በሽታ ሥጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች እንደሚመድባት ይወቅ፤ ስለዚህ በአሜሪካ የተሰጠውን ክትባት የሚያረጋግጠው ሰነድ ከጉዞው በፊት በእንስሳት ሐኪም ተሞልቶ መጽደቅ ይኖርበታል፣ ከሄዱ በኋላ ማሰብ የመመለሻውን መንገድ ያከብደዋል።

የሚወደድበትን ምክንያት ለመረዳት ግን ወደ ሰሜን እንግሊዝ መሻገር ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሥራ ፍለጋ ከስኮትላንድ ወደ ዮርክሻየርና ወደ ላንክሻየር የፈለሱ ሸማኔዎች ቴሪየር የሚባሉትን አይጥ አዳኝ ትናንሽ ውሾቻቸውን ይዘው መጡ፤ ውሾቹም ከአካባቢው ዝርያዎች ጋር ተዳቅለው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችና በከሰል ማዕድን ማውጫዎች አይጥ የሚፈጅ ብርቱ ዘር ወጣቸው። የዝርያው አባት የሚባለው ሃደርስፊልድ ቤን በ1865 ተወልዶ በ1871 በጋሪ ተገጭቶ ሞተ፤ በዚያች አጭር ዕድሜው ግን በውሻ ትርኢቶች ከ70 በላይ ሽልማቶችን አግኝቷል፣ በአይጥ ገደላ ውድድርም ስም አውጥቷል። ዝርያው በዮርክሻየር ስም መጠራት የጀመረው በ1870 ገደማ ሲሆን፣ የአሜሪካ ኬነል ክለብም በ1885 ተቀብሎ መዝግቦታል። ዛሬ ግንባሩ ላይ ሪባን ታስሮለት ሶፋ ላይ የሚንጎማለለው ውሻ እንግዲህ የዘር ሐረጉ የወዛደር ነው።

ጠባዩም ከዚሁ ይመነጫል። ዮርኪ ንቁ፣ ደፋርና እልኸኛ ነው፤ ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ሲሰማ ከሁሉ ቀድሞ በሩ ላይ ይገኛል፣ ከእርሱ አሥር እጥፍ የሚከብድ ውሻ ቢገጥመውም ወደ ኋላ አይልም። ከቤተሰቡ ጋር የሚፈጥረው ቁርኝት ጥልቅ ነው፤ ከክፍል ክፍል ይከተላል፣ የቤቱ ሰው የሚመለስበትን ሰዓት ለይቶ ያውቃል፣ ብቻውን ረጅም ሰዓት መዋልን ግን አይወድም። ብልሃቱን ለሚጠራጠር ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስሟ የታወቀው ስሞኪ በቂ ምስክር ናት። በ1944 ኒው ጊኒ ጫካ ውስጥ የተገኘችውና ቢል ዊን የተባለ አሜሪካዊ ወታደር ያሳደጋት ይህች ውሻ፣ ሁለት ኪሎ እንኳ የማይሞላ ክብደቷን ይዛ፣ ፊሊፒንስ ውስጥ ሊንጋየን በተባለው ስፍራ በአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ሥር በተቀበረ ጠባብ ቱቦ ውስጥ 21 ሜትር ያህል እየተሳበች የመገናኛ ሽቦ አሳልፋለች፤ እርሷ ባትኖር ኖሮ ማኮብኮቢያው ሊቆፈር ነበር።

ይሁን እንጂ ብልህ መሆንና ታዛዥ መሆን ለየቅል ናቸው። ውጭ ወጥቶ መጸዳዳትን ማስለመድ በዚህ ዝርያ ላይ ከሚጠበቀው በላይ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ፊኛው ትንሽ ነው፣ ዝናብና ብርድም ይጠላል፣ በክረምት ማለዳ ከበሩ ወጥቶ ወዲያው መመለስ የሚፈልግ ባለፀጉር እልኸኛ መጎተት ለባለቤቱ የዘወትር ሥራ ይሆናል። ጩኸቱም ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም። «ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሳሎን አይገባም» በሚል ልማድ ያደጉ እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ጩኸቱን እንደ በጎ ምልክት ሲቆጥሩለት አይቻለሁ፤ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቶች ግን እንዲህ ስለማይመለከቱት፣ ዝም በል ሲባል ዝም ማለትን ከቡችላነቱ ጀምሮ ማስተማር ግዴታ ነው።

ስለ ፀጉሩ የሚነገረው ግማሹ እውነት ነው። ዮርኪ ከሥር ሁለተኛ ድርብ ፀጉር የለውም፤ ሐር የመሰለው ፀጉሩ ያለማቋረጥ ስለሚያድግ እንደ ሌሎች ውሾች በየምንጣፉና በየልብሱ ላይ አይረግፍም። ከዚህ ተነሥቶ «አለርጂ የማያስነሣ» ተብሎ መሸጡ ግን ልክ አይደለም፤ አለርጂ የሚያስነሡት ፕሮቲኖች በምራቁና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊትም ውስጥ ይገኛሉ፣ ስለዚህ በቤቱ አስም ያለበት ልጅ ካለ ከመግዛት በፊት ልጁን ከውሻው ጋር በተደጋጋሚ ማዋል ይሻላል። የማይረግፍ ፀጉር የሚቋጠር ፀጉር መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ረጅሙን የትርኢት ፀጉር የሚፈልግ ሰው በየቀኑ ያበጥራል፤ አብዛኛው ቤተሰብ ግን እንደ ቡችላ አሳጥሮ ማስቆረጥን ይመርጣል፣ ያም ቢሆን በየጥቂት ሳምንቱ ወደ ፀጉር አስተካካይ መመላለስን ስለሚጠይቅ፣ ክፍያው ከምግቡ ወጪ ሊበልጥ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

ለልጆች ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ የልጁን ዕድሜ ሳይጠይቁ የሚመለስ አይደለም። ትምህርት ቤት ለገባና «ቀስ በል» ሲባል ለሚገባው ልጅ ዮርኪ ግሩም ጓደኛ ነው፤ ይጫወታል፣ አይሰለችም፣ ገመዱን ልጁ ራሱ ይዞት መሄድ ይችላል። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሕፃን ግን አልመክረውም፣ ሥጋቴም ይበልጡን ለውሻው ነው፤ የፊት እግሮቹ አጥንት ቀጭን ስለሆነ ከሕፃን እጅ ወይም ከሶፋ ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል፣ ሲያሳምሙትም እንደ ማንኛውም ቴሪየር በጥርሱ ይመልሳል።

ጤናው ላይ ትንሽነቱ ዋጋውን ያስከፍላል። ከሁሉ የሚብሰው ጥርስ ነው፤ አፉ ጠባብ በመሆኑ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ፣ የወተት ጥርሶቹም ሳይወልቁ ይቀሩና ቆሻሻ ይጠራቀምባቸዋል፣ በመሆኑም በየቀኑ ካልተቦረሸ ገና በወጣትነቱ ጥርስ ማስነቀል ሊመጣ ይችላል። ሌላው የአየር ቧንቧው ልል መሆን ነው፤ የዝይ ጩኸት የመሰለ ደረቅ ሳል ከተሰማ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፣ አንገቱን የሚያንቀውን ማሰሪያ ትቶ በደረቱ ዙሪያ የሚታሰረውን መጠቀምም ከመጀመሪያው ቀን መለመድ አለበት። የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው መንሸራተትና ደም ጉበቱን ዘሎ የሚያልፍበት የተፈጥሮ የደም ሥር ጉድለትም በዚህ ዝርያ ይታወቃሉ። ቡችሎቹ ደግሞ ምግብ ከዘገየባቸው የደማቸው ስኳር በፍጥነት ስለሚወርድ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ መብላት አለባቸው። ይህ ሁሉ ሲነገር ውሻው ደካማ ሊመስል ይችላል፤ በደንብ ከተያዘ ግን ከ11 እስከ 15 ዓመት ይኖራል፣ ከብዙ ትልልቅ ዝርያዎችም ይህ ረዘም ያለ ዕድሜ ነው።

እኛ ሐበሾች ከሌላው ይልቅ ልንጠነቀቅበት የሚገባው ማዕዳችን ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ወጣችን ደግሞ ከሥሩ ሽንኩርት ነው። በበዓል ቀን አንድ እንግዳ በፍቅር የሚጥልለት ዶሮ ወጥ የነካው እንጀራ ሽንኩርቱን፣ ቆሽቱን ሊያቆጣ የሚችለውን ቅቤና አንጀቱን ሊወጋ የሚችለውን የበሰለ የዶሮ አጥንት አንድ ላይ ይዞ ይመጣል፤ ለሠላሳ ኪሎ ውሻ ምናልባት የሚያልፍ ጉርሻ ለሦስት ኪሎው ከባድ መጠን ነው። ቸኮላት፣ ወይንና ዘቢብም እንዲሁ የተከለከሉ ናቸው። እንግዳ በሚበዛበት ቀን ውሻውን ሌላ ክፍል ማዋሉ «ጨከኑ» ቢያሰኝም በሌሊት የድንገተኛ ሐኪም ከመፈለግ ያድናል።

ግዢውን በተመለከተ «ቲካፕ» (የሻይ ኩባያ) እየተባሉ በውድ ዋጋ ከሚቀርቡት እጅግ ጥቃቅን ቡችሎች መራቅ ነው የምለው። እንዲህ ያለ ዝርያ በኬነል ክለብ አይታወቅም፤ ከመለኪያው በታች ተደርጎ የተራባ ቡችላ ከላይ የተዘረዘሩትን ችግሮች አባብሶ ይይዛል። እንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ ቡችላ በአትራፊ ደላላ በኩል እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ በዚሁ ዓመት ሜሪላንድም የእንስሳት መደብሮች ቡችላ እንዳይሸጡ የሚያግደውን ሕጓን በሥራ ላይ አውላለች። ጥሩ አራቢ ገዢውን ቤቱ ድረስ ጠርቶ የቡችላውን እናት ያሳያል፣ የጉልበትና የጉበት ምርመራ ውጤት ሲጠየቅም ቅር አይለውም፤ ገንዘብ አስቀድሞ እንዲላክለት የሚያጣድፍ ሻጭ ከሆነ ግን ነገሩ እዚያው ላይ መቆም አለበት።

ቡችላ የማሳደግ ጊዜ ለሌለው ቤተሰብ ባለቤቱ ያረጀበትን ወይም ቤት የቀየረበትን ያደገ ውሻ ከእንስሳት መጠለያ መውሰድን ከግዢ አስቀድማለሁ። ጠባዩ ተገልጦ ይታያል፣ ከልጆች ጋር መስማማቱንም አገናኝቶ መፈተን ይቻላል፣ ወጪውም ከአራቢ ከመግዛት እጅግ ያነሰ ነው። የጥርሱ ሁኔታ በሐኪም ታይቶ የተጻፈበትን ወረቀት ግን ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።