ጓንግዡ ላይ ሳንሳቀቅ ላበላችን አስተናጋጅ

ዕቃ ለማምጣት ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ የምትመላለሱ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ለማመስገንም፣ ቦታውን ለመጠቆምም ነው።

የከተማው ሰው ጠዋት ጠዋት ቤተሰቡን ይዞ ሻይ ቤት ይገባል። በትንንሽ የቀርከሃ ዕቃ እየቀረበለት ዲምሰም የሚባሉትን ትንንሽ ምግቦች ይበላል፣ ያወጋል። የእኛ ሰው ግን አሳማውን ፈርቶ ሻኦቤይ ሰፈር ካሉት የሙስሊም ምግብ ቤቶች አይወጣም። አይፈረድበትም።

እኔና ባልደረባዬ የገባነው ዌንቻንግ መንገድ ላይ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተው ጓንግዡ ምግብ ቤት ነው። ያስተናገደችን ጠና ያለች ሴት ናት። አሳማ እንደማንበላ በስልክ አስተርጉመን አሳየናት። ሜኑውን ተቀብላ በእርሳስ ትሰርዝ ጀመር። የቤቱን ስመ ጥር ዶሮ ሰረዘችው፤ ለካ በየቁራጩ መሐል የአሳማ ካም ይገባበታል። ሃር ጋው የሚሉት የሽሪምፕ ጥቅልል ላይ ስትደርስ ወጥ ቤት ገብታ ጠየቀች። እሱንም ሰረዘችው፤ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ጣል ይደረግበታል። ማን ይህን ያህል ይደክምልሃል?

በምትኩ ቅቅል ዶሮ ከዝንጅብልና ከባሮ ሽንኩርት ማባያ ጋር አመጣችልን። አጥንቱ አጠገብ ቀላ ቢል አልበሰለም ብላችሁ አትመልሱት፣ አሠራሩ ነው። ቀጥሎ በእንፋሎት የበሰለ ሙሉ ዓሣ መጣ። ዝንጅብል ተነስንሶበት፣ የጋለ ዘይት ፈስሶበት። ሥጋው በቾፕስቲክ ሲነካ ይለያያል። እንዲህ የጣፈጠ ዓሣ በልቼ አላውቅም!

ጉርሻ ብንሰጣት አልተቀበለችም፤ እዚያ አገር ልማድ አይደለም። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ምስጋናዬ ይኸው።

ኪሳችሁ ሳሳ ካለ ቻንግፈን ብሉ። ስስ የሩዝ ሊጥ በእንፋሎት በስሎ ይጠቀለልና አኩሪ አተር ሶስ ይፈስበታል። ዪንጂ የሚባለው ቤት ብዙ ቅርንጫፍ አለው። የበሬ ሥጋ ወይም እንቁላል ያለበትን እዘዙ። በጾም ምንም ያልገባበትን፣ ዣይቻንግ የሚሉትን ጠይቁ።

ትልቅ እንግዳ የምትጋብዙ ከሆነ ደግሞ ሻሚያን ደሴት፣ ወንዙ ዳር ያለው ዋይት ስዋን ሆቴል አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተ ነው፤ ሎቢው ውስጥ ፏፏቴ ይወርዳል። ዋጋው ጠንከር ይላል፣ ግን ያኮራል።

ሻይ ቤቶቹ ቅዳሜና እሁድ ይጨናነቃሉ፤ በጠዋት ሂዱ። ሻይ ሲቀዳላችሁ ጠረጴዛውን በሁለት ጣት መታ መታ አድርጉ፤ የእነሱ አመሰግናለሁ እሱ ነው።